ሚቶኮንድሪያ 50 ዲግሪ የሚግል ከሆነ እኛ ለምን አንበስልም?

ጥያቄው የደረሰኝ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። ሚቶኮንድሪያ የሚባለው የሴል ክፍል እስከ 50 ዲግሪ ይሞቃል የሚል ነገር አንብቦ ቤቱን በጥያቄ አዋከበው። እኛ ትኩሳት 40 ሲደርስ ሐኪም ቤት እንሮጣለን። ውስጣችን 50 ከሆነ እንዴት ነው የማንበስለው? ሁለተኛ፣ እኔ ራሴ ከሁለት ወር ወዲህ ሙቀት አልችል ብያለሁ። ሌሊት ያልበኛል፤ እየበላሁ እከሳለሁ፤ ልቤም ይመታል። ጎረቤቴ ‹ሚቶኮንድሪያሽ ግሎ ይሆናል› አለችኝ። ሦስተኛ፣ ታናሽ እህቴ ‹ሚቶኮንድሪያን አንቅቶ ስብ የሚያቃጥል› የተባለ ቢጫ እንክብል በቴሌግራም ገዝታ መውሰድ ጀምራለች። ይጎዳታል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። እህትዎ እንክብሉን ዛሬውኑ ያቁሙ። ይህን ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱ እንኳ አይጠብቁ፤ አሁን ይደውሉላቸው። ሰውነታቸው የሚግል፣ ላብ የሚያጠምቃቸው፣ ትንፋሻቸው የሚፈጥን ወይም ልባቸው የሚመታ ከሆነ ደግሞ የእንክብሉን ዕቃ ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። ምክንያቱ በደንብ እንዲገባ ግን የልጅዎን ጥያቄ ማስቀደም አለብኝ። የሦስቱም ጥያቄዎች መነሻ አንድ ነው።

በልጅነቴ እናቴ ለጥምቀት ጠላ ብቅል ታበቅል ነበር። ገብሱ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በኮባ ቅጠል ይጠቀለልና ድንጋይ ይጫንበታል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ «እስቲ እጅህን ክተት» ትለኝ ነበር። መሃሉ ለብ ከማለት አልፎ ይሞቃል። ጣቶቼ መሃል ነጫጭ ሥሮች ይርመሰመሳሉ። ጠዋት ብርድ ላይ ሲከፈት እንፋሎት ሁሉ ይወጣዋል። እሳት አልነካውም፤ ፀሐይም አላየውም። ሙቀቱ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቃት «በሕይወት ስላለ ነዋ» ነበር መልሷ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፊዚዮሎጂ ተማርኩ፤ አሁንም አስተምራለሁ። ከእሷ የተሻለ መልስ አላገኘሁም፤ ዝርዝር ብቻ ነው የጨመርኩት።

ዝርዝሩ ይህ ነው። በሚበቅለው ገብስ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል ሚቶኮንድሪያ አለው። ሚቶኮንድሪያዎቹ ስኳሩን ከኦክስጅን ጋር ያቃጥሉታል። ነበልባል የለውም፤ ቀስ ተብሎ፣ በብዙ ደረጃ የሚካሄድ ቃጠሎ ነው። ብቅሉ ላይ የሚራቡ ጥቃቅን ነፍሳትም ሙቀቱን ያግዛሉ፤ እነሱ ባይኖሩም ግን ገብሱ ራሱ ይሞቃል። የእኛም ሰውነት እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ከ80 እስከ 100 ዋት ሙቀት ያወጣል። የድሮዋ ቢጫ አምፖል ማለት ነው። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሚኒባስ 12 ሰው ጭኖ መስኮቱን ሲዘጋ በውስጡ አንድ ኪሎዋት ገደማ ማሞቂያ በርቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደውን ኃይል ሲሶ ያህላል። መስኮት ይከፈት አይከፈት እያሉ መጣላት የመጣው ወዶ አይደለም።

ኪሎ በኪሎ ካወዳደርን ደግሞ የሰው አካል ከፀሐይ በብዙ ሺህ እጥፍ የበለጠ ሙቀት ያመነጫል። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም፤ ስለዚህ ራሳቸው በወረቀት እንዲያሰሉት አደርጋለሁ። ፀሐይ እንዲያ የምትነደው እጅግ ግዙፍ ስለሆነች ነው። ከእሷ አንድ ኪሎ ተቆርሶ ቢመጣልን ግን የሚያመነጨው ሙቀት ውኃ እንኳ አያሞቅልንም። ለልጅዎ ይስጡት፤ ይወደዋል።

አሁን ወደ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ እንግባ። ለዚህ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይን ማየት ይበቃል። ዓባይ እዚያ ሲደርስ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በቦይ ተጠልፎ ወደ ኃይል ማመንጫ መግባት ነው። የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ነው ሥራ የጀመሩት። በዚያ ያለፈ ውኃ ተርባይን አዙሮ መብራት ይሆናል። ሌላው መንገድ በገደሉ መውረድ ነው። በገደሉ የወረደው ያስገመግማል፤ ጢሱም ይነሣል፤ ግን አንድ አምፖል አያበራም። ጉልበቱ ግን የትም አልጠፋም። መጨረሻው ሙቀት ነው። ከ40 ሜትር በላይ ወርዶ ውኃው የሚሞቀው የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ነው በእጃችን የማይታወቀን። ሁለተኛው ማመንጫ ከተሠራ በኋላ ጢስ ዓባይ የሄደ ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል፤ ወደ ተርባይኑ ብዙ ውኃ በተወሰደ ቀን ፏፏቴው ይሳሳል። ውኃው ያው ውኃ ነው፤ ልዩነቱ በየት በኩል ወረደ የሚለው ነው።

ሚቶኮንድሪያም ውስጥ ግድብ አለ። ግድቡ የውስጠኛው ሽፋን ነው። ከበላነው እንጀራ የሚገኘው ጉልበት ፕሮቶን የሚባሉ ቅንጣቶችን ከሽፋኑ አንድ ወገን ወደ ሌላው ይገፋቸዋል። እዚያ ይጠራቀሙና ለመመለስ ይጋፋሉ። በተርባይኑ በኩል ሲመለሱ ኤቲፒ ይሠራል። ኤቲፒ ማለት ሴል ለማንኛውም ሥራ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ሰውነታችን በቀን የራሱን ክብደት የሚያህል ኤቲፒ ይሠራል፤ ያንኑ መልሶ ያጠፋል። ተርባይን ስልም ለማሳመር አይደለም። ኤቲፒ የሚሠራው ኢንዛይም፣ ማለትም የሴልን ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ እውነትም እንደ ተርባይን ይሽከረከራል፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ሊዞር ይችላል። ፒተር ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ የግድቡን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርብ ብዙ ባለሙያዎች አልተቀበሉትም ነበር። በ1978 ኖቤል ተሸለመበት።

ተርባይን ሁሉ ብክነት አለው። ከምግቡ ጉልበት ኤቲፒ የሚሆነው 40 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው እዚያው ሙቀት ይሆናል። ከዚህ ሌላ ሆን ተብሎ የተሠራ ማፍሰሻም አለ። ቡናማ ስብ በሚባለው ስብ ውስጥ አንድ ልዩ ፕሮቲን ለፕሮቶኖቹ በር ይከፍታል። ተርባይኑን ሳይነኩ ይመለሳሉ፤ ጉልበታቸው በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ስቡ ቡናማ የሆነው ብረት ባላቸው ሚቶኮንድሪያዎች ስለታጨቀ ነው።

አራስ ልጅ ብርድ ሲሰማው እንደ እኛ አይንቀጠቀጥም። የሚያሞቀው ይህ ስብ ነው። የሚገኘውም በትከሻው አጥንቶች መሃልና አንገቱ አካባቢ ነው። ልጅ ያሳደገች ሴት ይህን በእጇ ታውቀዋለች። የሕፃኑ እግር ቀዝቅዞ ማጅራቱ ግን ሙቅ ነው። በዚህ የተነሣ ነው አዋላጆች አራሱን እርቃኑን በእናቱ ደረት ላይ አድርጉት፣ ራሱን ሸፍኑት፣ ገላውን ወዲያው አትጠቡት የሚሉት። ምድጃው ትንሽ ነው፤ ማገዶውም ቶሎ ያልቃል። ቡናማ ስብ አዋቂዎችም ላይ በሥራ ላይ እንዳለ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

እንግዲህ ወደ 50 ዲግሪው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ፓሪስ የሚሠራው የፒየር ሩስታን ቡድን አንድ ጥናት አወጣ። ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ የሚያበራ ቀለም ተጠቀሙ። ቀለሙ ሙቀት ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል። የሰው የኩላሊትና የቆዳ ሴሎችን ወስደው 38 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ውስጥ አቆዩአቸው። ከድምቀቱ ተነሥተው ሲያሰሉ ሚቶኮንድሪያዎቹ ከዙሪያቸው 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሞቀው ተገኙ። ወደ 50 የተጠጋ ማለት ነው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ወይም ሚቶኮንድሪያው በኦክስጅን የሚያቃጥልበት መሣሪያ፣ መተንፈሻው፣ በመርዝ ሲቆም ሙቀቱ ወደ ታች ተመለሰ። ሌላም ነገር አዩ። የመተንፈሻውን ኢንዛይሞች ለየብቻ ሲፈትኗቸው ከፍተኛ ፍጥነታቸው ላይ የደረሱት 50 አካባቢ ነበር። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በፕሮቲን የተሠራ ሌላ መለኪያ ጨምረው ሞክረው ተመሳሳይ አቅጣጫ አይተዋል።

ልጅዎ ያነበበው ይህን ነው። ያላነበበው ደግሞ የፊዚክስ ሰዎችን ቅሬታ ይመስለኛል። ቅሬታው ቀላል አይደለም፤ የተነሣውም ከዚህ ጥናት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፈረንሳውያን የፊዚክስ ባለሙያዎች በሴል ውስጥ ትልቅ የሙቀት ልዩነት አየን የሚሉ ጥናቶችን ሁሉ በስሌት መረመሩ። ሚቶኮንድሪያ ቁመቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ገደማ ነው። ዙሪያው ውኃ ነው። በዚያ ርቀት ሙቀት የሚበተነው በሚሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ጣና ላይ አንድ ፍም ጥሎ ሐይቁ ዳር ሞቀ ወይ ብሎ እንደመጠበቅ ያለ ነው። አንድ ሴል በሚያመነጨው ሙቀት ብቻ እንዲህ ያለ ልዩነት ለማቆየት ከትክክለኛው ምርቱ 100,000 እጥፍ ያህል ያስፈልገዋል አሉ።

ታዲያ ቀለሙ ምን አየ? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚያበራ ቀለም ቴርሞሜትር አይደለም። ድምቀቱን ሙቀት ይቀይረዋል፤ የአሲድ መጠን፣ የሽፋኑ ኤሌክትሪክና የፈሳሹ ውፍረትም ሊቀይሩት ይችላሉ። ኦክስጅን ሲያልቅ ደግሞ እነዚህም አብረው ይለወጣሉ። የፓሪሱ ቡድን እነዚህን አንድ በአንድ ለማጣራት ሞክሯል። ተቺዎቹ አልረኩም። እኔ በበኩሌ የምለው ይህን ነው። ሙቀቱ የሚፈልቀው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ መሆኑ አያከራክርም። የሙቀቱ ምንጭ የሆነችው ነጥብ ከዙሪያዋ ትሞቃለች ማለትም ምክንያታዊ ነው። 50 የሚለውን ቁጥር ግን ፈተና ላይ አልጠይቅም፤ ተማሪ እንዲሸመድደውም አልፈልግም። ሚቸል ተከራክሮ አሸነፈ ማለት የተከራከረ ሁሉ ያሸንፋል ማለት አይደለም።

ነገሩ ግን ለሳይንሱ ሰው ዝም ብሎ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። የሚቶኮንድሪያ ሕመም ያለበት ልጅ ሲመረመር ኢንዛይሞቹ በላቦራቶሪ የሚለኩት በ30 ወይም በ37 ዲግሪ ነው። በሰውነት ውስጥ የሚሠሩት በ50 ከሆነ ስንለካቸው የኖርነው በብርድ ነው ማለት ነው። የሩስታን ቡድን ለዚህ ጉዳይ ጊዜውን የሰጠው ዋና ሥራው እነዚህ ሕመሞች ስለሆኑ ነው።

እሺ፣ 50 ነው እንበል። ለምን አንበስልም? ቡና ሲፈላ ከከሰል ምድጃው ፍንጣሪ ተፈናጥሮ ነጠላ ላይ ሲያርፍ አይተዋል። ፍንጣሪው በብዙ መቶ ዲግሪ የጋለ ነው። ነጠላው ላይ ግን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ትቶ ይጠፋል። ነጠላውም አይነድም፤ እርስዎም አይቃጠሉም። በጣም መጋል አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ሙቀት መያዝ ሌላ ነገር ነው። ሚቶኮንድሪያ ቢግል እንኳ የያዘው ሙቀት ከፍንጣሪውም እጅግ ያነሰ ነው። ደም ደግሞ ያለማቋረጥ ጠርጎ ወደ ቆዳ ይወስደዋል፤ ቆዳ ለአየር ያስረክበዋል።

ፕሮቲን ሁሉም በአንድ ዲግሪ አይበስልም። የእንቁላል ነጩ ራሱ የሚረጋው 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች በሽፋን ውስጥ ተጠቅጥቀው የተያዙ ናቸው፤ ቅርጻቸውን የሚጠብቁላቸው ሌሎች ፕሮቲኖችም አሏቸው። ትኩሳት 41፣ 42 ሲደርስ የሚያስፈራን ግን መላ ሰውነት፣ አንጎልም ደምም አንጀትም፣ አንድ ላይ ስለሚሞቅ ነው። በአፍ ወይም በብብት የምንለካው እሱን ነው። የሚቶኮንድሪያው 50 እና የቴርሞሜትሩ 40 አይወዳደሩም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። እዚህ ላይ ቀስ ብለው ያንብቡኝ።

ሰውነት ከመጠን በላይ የሚሞቅበት መንገድ አንድ አይደለም። አንደኛው ልኩ ሲቀየር ነው። አንጎላችን ውስጥ «37 ይበቃል» ብሎ የሚወስን ክፍል አለ። ወባ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሲገባ ያ ክፍል ልኩን ወደ 39 ወይም 40 ከፍ ያደርገዋል። ሰውነት ገና 37 ላይ ስለሆነ ይበርደዋል። ይንቀጠቀጣል፤ ጋቢ ደርቡልኝ ይላል። ቆዳውን ሲነኩት ግን እሳት ነው። ትኩሳት የምንለው ይህን ነው። ፓራሲታሞል የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው፤ ልኩን ወደ ታች ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ምድጃው ራሱ ሲነድ ነው። ልኩ አልተነካም፤ አንጎል አሁንም 37 ነው የሚለው። ሚቶኮንድሪያዎቹ ግን ከሚገባው በላይ ያቃጥላሉ። እንዲህ ያለ ሰው አይበርደውም። ብርድ ልብስ ይጥላል፤ መስኮት ይከፍታል፤ ሌላው ሰው ሹራብ ለብሶ እሱ ያልበዋል። ይበላል፤ ግን ይከሳል። ማገዶው ያልቅበታላ። ለዚህኛው ፓራሲታሞል ምንም አይፈይድም።

እርስዎ የነገሩኝ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ሙቀት አለመቻል፣ እየበሉ መክሳትና የልብ መምታት አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የማስበው የታይሮይድ ዕጢን ነው። አንገት ላይ ያለችው ዕጢ ናት፤ ስታብጥ እንቅርት የምንላት። ሆርሞኗ ሚቶኮንድሪያዎችን ያበዛል፤ ሴሉንም ብዙ እንዲያቃጥል ያዘዋል። ሆርሞኑ ከመጠን ሲያልፍ ሰውየው ተቀምጦ እየሮጠ ነው ማለት ይቻላል። ጎረቤትዎ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ጥፋቱ የሚቶኮንድሪያው ሳይሆን የአዛዡ ነው እንጂ።

ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ይሞክሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ዐረፍ ብለው የእጅዎን ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ዐርፈውም ከ90 ወይም ከ100 በላይ ከሆነ ይጻፉት። ከዚያ እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ጣቶችዎን ከፈት አድርገው፣ አንድ ነጭ ወረቀት ላያቸው ላይ ያስቀምጡ። ልጅዎ ከጎን ሆኖ የወረቀቱን ጠርዝ ይመልከት። ቶሎ ቶሎ፣ ደቀቅ ደቀቅ እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይህንንም ይጻፉት። አንገትዎ ላይ የቆየ እብጠት ካለ፣ ዓይንዎም የተገለጠና ወጣ ያለ ከመሰለዎት ለሐኪሙ ይንገሩ። ሐኪሙ ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ ያዛል። የታይሮይድ ከሆነ መድኃኒት አለው፤ ሰውም ይድናል።

ይሁን እንጂ ታይሮይድ ነው ብለው ከቤት አይወስኑ። የሌሊት ላብና ክሳት በእኛ አገር የሳንባ ነቀርሳም ምልክት ነው። ሳል ካለ፣ ሳል ባይኖርም እንኳ፣ ይመርመሩ። የኤችአይቪና የስኳር ምርመራም አብሮ ቢደረግ ጥሩ ነው። ዕድሜዎ ወደ 50 ከተጠጋ የወር አበባ መቋረጫ ጊዜ የሚያመጣው ድንገተኛ ሙቀትም አለ፤ እሱ ግን ብቻውን አያከሳም። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ስለ ሚቶኮንድሪያ ማሰብ አያስፈልግም። የጣና ዳር ሰው ነዎት፤ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያድርጉ።

ይህን ሁሉ የማበዛው ምክንያት አለኝ። የማውቃት አንዲት ሴት እንደ እርስዎ ያልባት፣ ልቧም ይመታ ነበር። የሄደችበት ክሊኒክ «ጭንቀት ነው» ብሎ ለወራት የእንቅልፍ መድኃኒት ሲሰጣት ቆየ። እጇን እንድትዘረጋ የጠየቃት አልነበረም። በኋላ የደም ምርመራ ስታደርግ ታይሮይድ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ልቧ ምቱን አዛብቶ ነበር። እርስዎ ያን ያህል አይቆዩ። «የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዝልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የሚቶኮንድሪያው ራሱ ጥፋት የሆነበት ሕመም አለ ወይ? አለ፤ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ሮልፍ ሉፍት የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ አንዲት ሴት ከባልደረቦቹ ጋር ጽፏል። ከልጅነቷ ጀምሮ ያልባታል፤ ብዙ ትበላለች፤ ግን ቀጭን ናት። ታይሮይዷ ጤነኛ ነበር። የጡንቻዋን ሚቶኮንድሪያ ሲያዩት ግድቡ የሚያፈስ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው የታወቀ የሚቶኮንድሪያ ሕመም ይህ ነው። እንደ እሷ ያሉ ሰዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ይህኛው አያስጨንቅዎት።

ወደ ቢጫው እንክብል። ውስጡ ምን እንዳለ ሳይመረመር መናገር አይቻልም። ዕቃው ላይ የተጻፈውንም አላምንም። ቢጫ፣ ስብ የሚያቃጥል፣ ሚቶኮንድሪያን የሚያነቃ የሚሉት ሦስት ቃላት አንድ ላይ ሲመጡ ግን ወደ አእምሮዬ የሚመጣው አንድ ነገር ነው። ዲኤንፒ ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ዳይናይትሮፊኖል። ቢጫ ዱቄት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ፈንጂ ለመሥራት ያገለግል ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞቹ ይከሱ፣ ያልባቸውና ይግሉ ነበር፤ የሞቱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ውስጥ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ክብደት እንደሚቀንስ አሳዩ፤ ሰዉም ተሻማበት። ብዙም ሳይቆይ የዓይን ሞራና ሞት ተከተለ። በ1938 የአገሪቱ መንግሥት እጅግ አደገኛና ለሰው የማይሆን ብሎ አወገዘው። ዛሬም በድብቅ በኢንተርኔት ይሸጣል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ግድቡን አስታውሱ። ዲኤንፒ ፕሮቶኖቹን ተሸክሞ በሽፋኑ ውስጥ ያሳልፋቸዋል። የቡናማ ስብ ማፍሰሻ በር አለው፤ ሲያስፈልግ ይዘጋል። የዲኤንፒ ግን በር የለውም። በአንድ ጊዜ በልብም፣ በአንጎልም፣ በጡንቻም ያለው ሚቶኮንድሪያ ሁሉ ማፍሰስ ይጀምራል። ኤቲፒ ያጥራል፤ ሙቀት ይሞላል። ሴሉ ኤቲፒ ሲያጥረው የባሰ ያቃጥላል፤ የባሰ ይሞቃል። ክብደት መቀነሱ እውነት ነው። የሚቀንስበት መጠንና የሚገድልበት መጠን ግን የተቀራረቡ ናቸው፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። አንዷ ጓደኛ ወስዳው ደህና ሆና ሌላዋን ሊገድል ይችላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ትኩሳት ስላልሆነ ፓራሲታሞልም አያበርደውም፤ ልኩን ቢያወርዱት ምድጃው መንደዱን አያቆምም። ሐኪሞች ያላቸው አማራጭ በበረዶና በቀዝቃዛ ፈሳሽ ገላን ማቀዝቀዝ፣ መተንፈስንና ልብን መደገፍ ነው። ለዚያም በጊዜ መድረስ ያስፈልጋል።

ስለዚህ እህትዎን አይቆጧቸው። ሰው ከሰውነቱ ጋር ሲጣላ ምን ያህል እንደሚጨነቅ አውቃለሁ። ግን እንክብሉ ቤት ውስጥ አይደር። ሽንት ቤትም አይጣል፤ ለፋርማሲ ባለሙያ ወይም ለሐኪም ይሰጥ። ላባቸው ወይም ሽንታቸው ወደ ደማቅ ቢጫ ከተቀየረ ለሐኪሙ ይንገሩ። በነገራችን ላይ አስፕሪንም በብዛት ሲወሰድ ይህንኑ ግድብ ያፈስሰዋል። ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ አይቀመጥ፤ ትኩሳት ላለበት ሕፃንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ።

ለልጅዎ ደግሞ አንድ ሥራ አለኝ። በቅድሚያ ይህን ይንገሩት፤ በሰውነቱ ያለው ሚቶኮንድሪያ የመጣው ከአባቱ ሳይሆን ከእርስዎ ነው፤ የእርስዎም ከእናትዎ። ከዚያ ሁለት ፔርሙስ ይፈልግ። ሁለት እኩል እፍኝ ሽምብራ ውኃ ውስጥ አሳድሮ አንዱን ይቀቅልና ያቀዝቅዝ። ሁለቱንም በጥቂት በረኪና በተቀላቀለ ውኃ አለቅልቆ በንጹሕ ውኃ ያጥባቸው፤ ሙቀቱ የሻጋታ ነው እንዳይባል። ያልተቀቀለውን በአንዱ፣ የተቀቀለውን በሌላው ይክተትና በእያንዳንዱ ቴርሞሜትር ያስገባ። የቤቱ የትኩሳት መለኪያ ዝቅ ያለ ሙቀት ስለማያሳይ ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ይዋስ። ጠዋትና ማታ እስከ አራት ቀን ይመዝግብ። የፔርሙሶቹን አፍ በክዳን አይዝጋው፤ በጥጥ ይወትፈው። ሽምብራው ኦክስጅን ካላገኘ አይሞቅለትም።